ከፊልም የተቀዳ ትምህርት ቤት

በ1937 (በዚህ ትረካ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤም.ጂ.ኤም. የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ «ኤ ፋሚሊ አፌር» የሚል አነስተኛ ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። ታሪኩ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር የአንድ ዳኛ ቤተሰብ ታሪክ ነበር። ተመልካቹ ግን ከዳኛው ይልቅ ልጁን አንዲ ሃርዲን ወደደ። ሚኪ ሩኒ የተጫወተው ይህ ልጅ ቆንጆ ባየ ቁጥር ልቡ ይጠፋል፤ መኪና መንዳት ያምረዋል፤ ሲያጠፋ ከአባቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይመካከርና ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል። ገበያው ሲደራ ስቱዲዮው ተከታታይ አደረገው። እስከ 1958 ድረስ 16 ፊልሞች ወጡ።

ጊዜው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአሜሪካ የብዙኃኑ ወጣት መዋያ የሆነበት ነው። አንድ ትውልድ ቀደም ብሎ ብዙ የ15 ዓመት ልጅ እርሻ ላይ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ይውል ነበር። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ጥቁር ተማሪዎች በሕግ ተለይተው፣ አሮጌ መጻሕፍት በሚወረሱባቸው ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር። ካርቨል በምትባለው የአንዲ ሃርዲ ከተማ ይህ ሁሉ የለም። ሆኖም በ1943 የኦስካር አካዳሚ የአሜሪካንን አኗኗር በማሳየቱ ብሎ ለስቱዲዮው ስለ እነዚህ ፊልሞች ልዩ ሽልማት ሰጠ። በስቱዲዮ ግቢ ውስጥ የተሠራች ከተማ የአገር መልክ ተብላ ተመዘገበች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ሽልማት የሚጀምር ይመስለኛል።

በ1955 ሁለት ፊልሞች ያንን ሰላም አናጉት። «ብላክቦርድ ጃንግል» የከተማ ትምህርት ቤት ዓመፅን ይዞ መጣ፤ «ሬበል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» ደግሞ ከወላጆቹ ጋር ያልተግባባውን ጄምስ ዲንን። ሁለቱም ኮሜዲ አይደሉም፤ ግን ለኮሜዲው አንድ ልማድ አወረሱት። ሲድኒ ፖይቲየር በመጀመሪያው ፊልም ተማሪ ሆኖ ሲጫወት 27 ዓመቱ ነበር። ዲን 24። ሕዝቡ አልከፋውም። በ1963 በ«ቢች ፓርቲ» የተጀመሩት የባሕር ዳር ፊልሞች ትምህርት ቤቱን ራሱን አስቀሩት፤ ወጣት ማለት ወላጅም ደብተርም የሌለው፣ አሸዋ ላይ የሚጨፍር ፍጡር ሆነ።

«ግሪስ» የተለየ ነገር ይነግረናል፤ መነሻው እውነተኛ ትምህርት ቤት ነበርና። ከደራሲዎቹ አንዱ ጂም ጃኮብስ በቺካጎ ታፍት ሃይስኩል የተማረ ሰው ነው፤ ከዋረን ኬሲ ጋር ሆኖ በ1971 እዚያው ቺካጎ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ሲያቀርበው የሠራተኛ ሰፈር ልጆች ቋንቋና ብልግና፣ የሰፈሩ ቅዝቃዜም ጭምር ነበረበት። በ1978 ፊልም ሲሆን ግን ወደ ካሊፎርኒያ ፀሐይ ተዛወረ፤ የትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት የተቀረጸው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቬኒስ ሃይስኩል ነው። ቀረጻው ሲካሄድ ጆን ትራቮልታ 23፣ ኦሊቪያ ኒውተን ጆን 28፣ ስቶካርድ ቻኒንግ 33 ዓመታቸው ነበር። በመጨረሻም መኪናው ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሰማይ ይበራል።

ይህ የዕድሜ ነገር የስንፍና ውጤት ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለበት። በካሊፎርኒያ የ16 ወይም የ17 ዓመት ተዋናይ በትምህርት ቀን ከ6 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም፤ በቀረጻው ቦታ 3 ሰዓት በአስተማሪ መማር አለበት። ልጆችን ከብዝበዛ የሚጠብቅ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የቀረጻ ሰዓት ገንዘብ በሆነበት ሥራ፣ አዘጋጆቹ ሌሊትም የሚሠራ፣ ውል ራሱ የሚፈርም የ25 ዓመት ሰው ቢመርጡ አያስገርምም። ዋጋውን የከፈለው ተመልካቹ ልጅ ነው። ብጉር የወጣባት፣ ቁመቷ ገና ያልተረጋጋ የ15 ዓመት ልጅ ሲኒማ ገብታ እኩያሽ ናት የተባለችው ሙሉ ሴት ናት። እንዲህ ዓይነቱን አካል እኩያዋ ካደረገች በኋላ ራሷን የምታየው በምን ዓይን እንደሚሆን ለመገመት ብዙ መመራመር አያሻም።

በ1979 አንድ ሰው ትምህርት ቤቱን ሄዶ ለማየት ወሰነ። ካሜሮን ክሮው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ለ«ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት የሙዚቃ ዘገባ የሚጽፍ ልጅ ነበር፤ ከእኩዮቹ ቀድሞ ሃይስኩልን ስለጨረሰ የመጨረሻዎቹን ዓመታት እንደ ሌላው ልጅ አልኖራቸውም። በ22 ዓመቱ በርዕሰ መምህሩ ፈቃድ፣ ተማሪዎቹ ሳያውቁት፣ ሳንዲዬጎ በሚገኘው ክሌርሞንት ሃይስኩል ተማሪ ሆኖ ተመዘገበ። የሰማውንና ያየውን በ1981 መጽሐፍ አደረገው፤ በዓመቱ ኤሚ ሄከርሊንግ «ፋስት ታይምስ አት ሪጅሞንት ሃይ» ብላ የመጀመሪያ ፊልሟን ሠራችው።

ብዙ ሰው ፊልሙን የሚያስታውሰው ሾን ፔን በተጫወተው ሁልጊዜ በናወዘው የባሕር ሞገድ ጋላቢ ልጅ ነው። እኔ ግን ትልቁ ነገሩ ሥራ ይመስለኛል። እነዚህ ልጆች ይሠራሉ። በርገር ይጠብሳሉ፣ ፒዛ ያቀርባሉ፣ ሲኒማ ቤት ትኬት ይቆርጣሉ፤ ከሥራ ይባረራሉ፣ የመኪና ዕዳ ይቆጥራሉ። ክብራቸው የሚወጣውና የሚወርደው በለበሱት የድርጅት ኮፍያ ነው። ስቴሲ የተባለችው የ15 ዓመት ልጅ ታረግዛለች፤ ፅንሱን ስታስወርድ ፊልሙ አይጮኽባትም፣ አይስቅባትም። አደርስሻለሁ ያላት ልጅ ይቀርባታል፤ ወንድሟ ጥያቄ ሳያበዛ ይዟት ወደ ቤት ይሄዳል። ይህን ትዕይንት ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚፈጥር ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ አንድ ሰው የሚያውቀው ወይም የሰማው ነገር ነው።

ኢንዱስትሪው ግን ያንን አልተከተለም። በዚያው በ1982 «ፖርኪስ» የተባለ ልቅ ኮሜዲ በአሜሪካ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ «ፋስት ታይምስ» ያስገባው 27 ሚሊዮን ግድም ነው። ቀጥለው የመጡት አሥራ ምናምን ፊልሞች በመታጠቢያ ቤት ቀዳዳ አሾልከው የሚያዩ ወንዶች ታሪክ ሆኑ።

በዚህ መሐል ነው ጆን ሂዩዝ የመጣው። በማስታወቂያ ጽሑፍ ሥራ ያደገ፣ ከቺካጎ ሰሜን በምትገኘው ኖርዝብሩክ የተማረ ሰው ነበር። በ1984 «ሲክስቲን ካንድልስ»፣ በ1985 «ዘ ብሬክፋስት ክለብ»፣ በ1986 «ፌሪስ ቡለርስ ዴይ ኦፍ»። ሦስቱም ሸርመር በምትባል በካርታ ላይ በሌለች የኢሊኖይ ከተማ ዙሪያ የተሠሩ ናቸው። «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» በ1 ሚሊዮን ዶላር ግድም ተሠርቶ 45 ሚሊዮን የሚያህል አስገባ። ቅዳሜ ቀን በቅጣት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተዘጋባቸው አምስት ተማሪዎች፤ አንዱ ጎበዝ፣ አንዱ ስፖርተኛ፣ አንዷ የሀብታም ልጅ፣ አንዱ ረባሽ፣ አንዷ ዝምተኛ ብቸኛ። ፊልሙ የተቀረጸበት ትምህርት ቤት ሜይን ኖርዝ ይባላል፤ በ1981 ተዘግቶ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱም በጂምናዚየሙ ውስጥ የተገነባ ነው። ተማሪ በሌለበት ሕንፃ ውስጥ የተሠራ ቤተ መጻሕፍት ለሁለት ትውልድ የሃይስኩል ምልክት ሆኖ ቀረ።

ሂዩዝን አቃልዬ ማለፍ አልችልም። ልጆች ስለ ወላጆቻቸው ሲናገሩ ካሜራውን አቁሞ የሰማ ሰው ነው፤ ተዋናዮቹ ሞሊ ሪንግዋልድና አንተኒ ማይክል ሆል በእውነትም 16 ዓመታቸው ነበር። የቡድን ነገርም ከሜዳ ተነሥቶ የፈጠረው አይደለም። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ጄምስ ኮልማን በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያው ኢሊኖይ ውስጥ 10 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አጥንቶ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በተማሪዎች ዘንድ ከጎበዝ ተማሪ ይልቅ ስፖርተኛ እንደሚከበር አሳይቷል። ሂዩዝ እውነት ነክቷል። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት አምስት ልጆች ጥቁር የለም፣ እስያዊ የለም፣ ወላጆቹ ስደተኛ የሆኑ የለም። በ«ሲክስቲን ካንድልስ» ያለው ብቸኛ እስያዊ ተማሪ በመጣ ቁጥር የደወል ድምፅ እየተመታ የሚሳቅበት ነው። ዝምተኛዋ አሊሰን ደግሞ መጨረሻ ላይ የሀብታም ልጅ የሆነችው ኳኩላት፣ ፀጉሯን ከፊቷ መልሳላት ስትወጣ ስፖርተኛው ይወዳታል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ማንነታችን ከስያሜያችን ይበልጣል ሲል የቆየ ፊልም፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ልጅቷን ቀይሮ ነው የሸለማት። ሪንግዋልድ ራሷ በ2018 «ዘ ኒው ዮርከር» ላይ በጻፈችው ጽሑፍ ይህንኑ ፊልም ከልጇ ጋር ዳግም ስታይ የተሰማትን ገልጻለች፤ በቀልድ ስም ሴት ልጆች ላይ የሚፈጸመው ድፍረት አሁን እንዴት እንደሚከብዳት ጭምር።

በ1995 ሄከርሊንግ ተመለሰች። «ክሉለስ»ን ስትጽፍ ታሪኩን ከጄን ኦስተን «ኤማ» ወሰደች፤ አነጋገሩን ለመስማት ደግሞ ቤቨርሊ ሂልስ ሃይስኩል እየሄደች ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። ልብሱን ግን ከክፍሉ አላመጣችውም። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ተማሪ የተቀደደ ጂንስና ሰፊ የፍላኔል ሸሚዝ ነበር የሚለብሰው፤ የአልባሳት ባለሙያዋ ሞና ሜይ ያንን ትታ ባለ መስመር ጃኬትና አጭር ቀሚሱን ከፋሽን መድረክ ወሰደች። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ሱቆች እሱን መሸጥ ጀመሩ፤ ልጆችም ለበሱት። ትምህርት ቤት ፊልምን መምሰል ጀመረ ማለት ነው።

1999 ላይ ረዘም አድርጌ እቆማለሁ። በዚያ አንድ ዓመት የወጣት ፊልሞች እንደ ጎርፍ ወረዱ። በጥር «ሺስ ኦል ዛት» መጣ፤ መነጽርና የሥዕል ቱታ ያላት ልጅ መነጽሯን ስታወልቅና ፀጉሯን ስትቆረጥ ትምህርት ቤቱ ሁሉ አፉን ይከፍታል። መጀመሪያውንም ቆንጆ መሆኗን ያላየ ተመልካች ያለ አይመስለኝም። በአሜሪካ ብቻ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በመጋቢት የሼክስፒርን ቴአትር የለበሰው «ቴን ቲንግስ አይ ሄት አባውት ዩ» ተከተለ፤ የተቀረጸው ታኮማ በሚገኘው ስታዲየም ሃይስኩል ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለቅንጡ ሆቴል ታስቦ የተጀመረ፣ ቤተ መንግሥት የሚመስል ሕንፃ። በሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ «ኔቨር ቢን ኪስድ» ወጣ፤ ድሩ ባሪሞር የ25 ዓመት ጋዜጠኛ ሆና ተማሪ መስላ ሃይስኩል ትገባለች። የክሮው ሐሳብ ከ20 ዓመት በኋላ ተመለሰ። ክሮው ገብቶ ያገኘው በርገር የሚጠብሱ ልጆችን ነበር፤ ባሪሞር ያገኘችው ሌላ ፊልም ነው፦ የታወቁት ጠረጴዛ፣ የተናቁት ጠረጴዛ፣ ጭብጨባው፣ ፕሮም የሚሉት ጭፈራ።

«ኔቨር ቢን ኪስድ» በወጣ በ11ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1999፣ በኮሎራዶ በሚገኘው ኮሎምባይን ሃይስኩል ሁለት ተማሪዎች መሣሪያ ይዘው ገብተው 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር ገደሉ። ከሰዓታት በኋላ ቴሌቪዥን ምክንያቱን ይናገር ጀመር፦ ጥቁር ካፖርት የሚለብሱ የተገፉ ልጆች ቡድን ነበር፤ ስፖርተኞች ያንገላቷቸው ነበር፤ ስፖርተኞችን ለመበቀል መጡ። ታሪኩ ለሁሉም ወዲያው ገባው። ጋዜጠኛው ዴቭ ከለን ለዓመታት መርምሮ በ2009 ባሳተመው «ኮሎምባይን» በተሰኘው መጽሐፍ ግን ይህ የተሳሳተ መሆኑን አስረዳ። ገዳዮቹ የዚያ ቡድን አባላት አልነበሩም፤ ለይተው የፈለጉት ስፖርተኛም አልነበረም፤ ቦምባቸውን ያጠመዱት ካፌቴሪያው ውስጥ ያገኙትን ሁሉ ለመግደል ነበር፤ ቦምቡ አልፈነዳም እንጂ።

ይህ የተሳሳተ ታሪክ ለምን እንዲህ በፍጥነት እንደታመነ ብዙ አስቤበታለሁ። አሜሪካዊው ጋዜጠኛም ተመልካቹም ሃይስኩል ምን እንደሚመስል የተማረው ለ15 ዓመታት ካያቸው ፊልሞች ነው። ስፖርተኛ አለ፣ የተገፋ አለ፣ ካፌቴሪያው በጠረጴዛ የተከፋፈለ ካርታ ነው። ደም በፈሰሰበት ቀን ሰዎች ካርታውን አወጡና በላዩ አነበቡ። የሞቱት ልጆች ወላጆች ግን በዚያ ካርታ ላይ አልነበሩም። በኮሜዲ ላይ እንዲህ መቆጣት ያልተመጣጠነ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን የፊልም ውሸት ከሲኒማ ቤቱ ወጥቶ ምን ያህል እንደሚጓዝ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እውነተኛው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ተለወጠ። ጥበቃዎችና ካሜራዎች በዙ፤ ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ በር ቆልፎ፣ መብራት አጥፍቶ መደበቅን ይለማመዱ ጀመር። ፊልሙ አልተለወጠም። በሐምሌ 1999 «አሜሪካን ፓይ» ወጣና ገበያውን አጥለቀለቀ። በ2001 «ኖት አናዘር ቲን ሙቪ» እነዚህን ሁሉ ፊልሞች አንድ ላይ ሰብስቦ ቀለደባቸው፤ ትምህርት ቤቱን ጆን ሂዩዝ ሃይስኩል፣ የምግብ አዳራሹን ደግሞ በተዋናዩ በአንተኒ ማይክል ሆል ስም ሰየመው። ተመልካቹ አንድም ቀልድ ሊያመልጠው አልቻለም፤ የሚቀለድበትን ትምህርት ቤት ከራሱ ትምህርት ቤት እኩል ያውቀዋልና።

በ2004 ቲና ፌይ «ሚን ገርልስ»ን ጻፈች። መነሻዋ ሮዛሊንድ ዋይዝማን ከሴት ተማሪዎች ጋር ለዓመታት ሠርታ በ2002 ያሳተመችው መጽሐፍ ነው፤ ልቦለድ አይደለም፤ ለወላጆች የተጻፈ መመሪያ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ ያለው ሐሜት፣ ስልክ ላይ ሦስት ሆኖ አንዷን ማስለፍለፍ፣ ፈገግታ የለበሰ ጭካኔ እውነት አለው። ዋናዋ ልጅ ኬዲ ከእንስሳት ተመራማሪ ወላጆቿ ጋር አፍሪካ ያደገች ናት፤ የገበያ አዳራሹን ልጆች ውኃ የወረዱ አራዊት አድርጋ ታያቸዋለች። ያ ትዕይንት እኛን የሚያሳስብ ነው። አህጉሩን ሙሉ አንበሳና ዝሆን አድርጎ የሚያውቅ ፊልም፣ ከዚያ አህጉር በእውነት መጥተው አሜሪካ ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ልጆች አላያቸውም። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ በዲቪ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሃይስኩሎች ውስጥ ነበሩ። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን ማስታወቂያ በአማርኛ ጭምር የሚያዘጋጁ ናቸው። እንግሊዝኛ ለማጠናከር በተለየ ክፍል የሚማር፣ ከትምህርት በኋላ ታናናሾቹን የሚጠብቅ፣ አባቱ ታክሲ ነድቶ እስኪመለስ እራት የሚያሞቅ ልጅ ያለበት አሜሪካዊ ሃይስኩል እውነተኛ ነው፤ ጠረጴዛው ግን በፊልሙ ካፌቴሪያ ውስጥ የለም። በ2014 በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የነጭ ተማሪዎች ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች ሲወርድ እንኳ በፖስተሩ መሐል የሚቆመው ልጅ አልተቀየረም።

«ሱፐርባድ» በ2007 አንድ በር ከፈተ። ሴት ሮገንና ኢቫን ጎልድበርግ ስክሪፕቱን መጻፍ የጀመሩት በ13 ዓመታቸው ስለሆነ የወንድ ልጆች ፍርሃትና ጓደኝነት እውነተኛ ድምፅ አለው። ማክሎቪን በሚል ስም የሚታወቀውን ልጅ የተጫወተው ክሪስቶፈር ሚንትዝ ፕላስ ያኔ የ17 ዓመት የሃይስኩል ተማሪ ነበር። ከፊልሙ ሁሉ ሰው የማይረሳው እሱን መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ከሁሉም የራቀው ቦ በርናም ነው። በ2018 «ኤይትዝ ግሬድ»ን ሲሠራ ልጆች ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ የሚለቋቸውን ቪዲዮዎች እያየ አነጋገራቸውን አጠና፤ ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ለኬይላም 14 ዓመቷ የነበረችውን፣ ስምንተኛ ክፍልን ገና የጨረሰችውን ኤልሲ ፊሸርን መረጠ። ብጉሯ አልተሸፈነም። ስትናገር ዐረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ ጀምራ ትተወዋለች። የትምህርት ቤቱ የተኩስ ልምምድ በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ልጆቹ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ኬይላ ከምትወደው ልጅ ጋር ለመነጋገር ትሞክራለች። ከኮሎምባይን ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የተለመደውን ነገር አንድ ኮሜዲ እንደ ተለመደ ነገር ሲያሳይ 19 ዓመት አልፎ ነበር።

የአሜሪካ የፊልም ደረጃ ሰጪዎች ግን ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ እንዳያየው ወሰኑ። ስለ ስምንተኛ ክፍል ልጅ የተሠራውን ፊልም የስምንተኛ ክፍል ልጅ ብቻዋን ገብታ ማየት አትችልም ማለት ነው። አከፋፋዩ ኤ24 በነሐሴ 8 ቀን 2018 በ50ዎቹም ክፍለ ግዛቶች ዕድሜ ሳይጠየቅ በነፃ አሳየው። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በጠቅላላው ያስገባው ወደ 13.5 ሚሊዮን ዶላር ነው።

በጥር 2024 «ሚን ገርልስ» በዘፈን ታጅቦ እንደገና ወጣ። ሲቀረጽ ኬዲን የተጫወተችው አንጎሪ ራይስ 22፣ ሌላዋን ዋና ገጸ ባሕርይ ሬጂናን የተጫወተችው ሬኔ ራፕ 23 ዓመታቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በአሜሪካ 28 ሚሊዮን ዶላር ግድም አስገባ።